ድርሻዬን ማን ጠረገው?

መርሳ፣ ሐብሩ
ጥር 23 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ፈንታው፣
አሰብ፤

የባሕሩ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? አንተ ጋ በጥር ሸሚዝ ይወልቃል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ ነው ቢሮ የምገባው። ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ለሌላው ግን ደህና አይደለሁም፣ እሱን እነግርሃለሁ። እማዬን ለጥምቀት ወልድያ ወጥቼ አይቻታለሁ። ጉልበቷ ተሽሏታል። ድምጿ እንደ ድሮው ነው፤ ከጓሮ ሆና የጎረቤቱን ውሻ ስትቆጣ ከመኪናው መንገድ ማዶ ይሰማል። የላክህላትን ፎቶ ለመጣው ሰው ሁሉ እያሳየች «ከሳ አይደል?» ትላለች። ከስተሃል እንዴ?

ደብዳቤህን ሾፌሩ ዓለምነህ ከነብስኩቱ አድርሶልኛል። ብስኩቱ ወዲያው አለቀ። ደብዳቤው ግን አላልቅ ብሎኛል፤ ደጋግሜ አነበዋለሁ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ቦታ ተገኝቶልኛል፤ ወዳጅህ እስከ የካቲት መጨረሻ መልሴን ይጠብቃል፤ «ውባለም፣ ይህንን እንደ ልማድሽ እንዳታጓትቺው» ብለሃል። አላጓትተውም። ግን ከመልሱ በፊት የሆነውን ሁሉ ልንገርህ። ለሌላ ለማን እነግራለሁ? እዚህ የማወራቸው ሰዎች በሙሉ የተጣላኋቸው ናቸው።

የተጣላሁት በአንድ የቦይ ዳር መንገድ ነው። ሳቅ፣ ግዴለም። ሰው በመሬት ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል፤ እህትህ በቦይ ዳር ተጣልታ ቁጭ ብላለች።

ከብስክሌቱ ልጀምር። አምና በኤንትሬ መኪና ጭነት ላይ አስረህ የላክህልኝ ብስክሌት ባይኖር የሐብሩን ግማሹን አላየውም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በግራና መንደር ሳልፍ ሰዎቹ ከማሳቸው ቀና እያሉ አፋቸውን ይይዙ ነበር፤ ሴት ልጅ፣ ያውም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ብረት ላይ። አንድ ሽማግሌ አስቁመውኝ ዙሪያውን ካዩት በኋላ «ሣር አይበላ፣ ውሃ አይጠጣ፤ ታዲያ ለማን ብሎ ነው የሚሮጠው?» አሉኝ። አሁን ለምደውኛል። ከሩቅ ሲያዩኝ «ብረቷ መጣች» ይባላል። እኔ ሳልሆን ብረቷ።

ይህ የበጋው ነው። ክረምት ሲገባ ግራና ከመርሳ ይቆረጣል። ጥቁሩ ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ሊጥ ይሆናል፤ ጎማ ይቅርና በቅሎም አይወጣውም። በነሐሴ ቡርቱካን የምትባል ልጅ ምጥ ጠናባት፤ የእማማ ሲቲ ልጅ ናት። እማማ ሲቲን በኋላ ታውቃቸዋለህ። አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ሐኪም ሲመጡ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ይውጣቸዋል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይሰምጣል። ቃሬዛው ያዘማል፣ እሷ ትጮሃለች። መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ብስክሌቴን እዚያው ጥዬ አንዱን ጫፍ ያዝሁ። ስንደርስ መሽቶ ነበር። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ያን ቀን እግሬን ከጭቃ እየነቀልሁ ዓይኔ ቦዩ ላይ አረፈ። የሸሆቹ ቦይ ይባላል። ከወንዙ ራስ ተነስቶ፣ የግራናን ማሳ በወገቡ ዞሮ፣ ወደ መርሳ የመኪና መንገድ የሚወርድ የጥንት ቦይ ነው። ማን ቆፈረው ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም የየራሱን ቅድመ አያት ይጠራልሃል፤ የሚስማሙት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፣ ድንጋዩን የደረደሩት ሸሆች ከነደረሶቻቸው፣ ከነቁርኣን ተማሪዎቻቸው፣ መሆናቸው ላይ። ዳሩ በድንጋይ የተካበ ነውና ያን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ እንኳ አልላላም። እኛ ከሥሩ በጭቃ ስንዋኝ እሱ ከላያችን ደርቆ ተቀምጧል።

«ታዲያ ለምን በዚያ አንሄድም?» አልኋቸው።

«እሾኹስ?» አለኝ አንዱ ተሸካሚ፣ ቀና ሳይል።

እውነቱን ነው። አጋምና ቁልቋል በቅሎበታል፣ በየዓመቱ ከቦዩ የሚወጣው ደለልም እንደ ጉብታ ተቆልሎበታል። ፍየል ካልሆነ አያልፍበትም። ግን እሾኹ ቢነሳ፣ ደለሉ ቢደለደል፣ ከግራና እስከ አስፋልቱ ሰው በእግሩ፣ ብስክሌትም በጎማው፣ ክረምት ከበጋ ይሄድበታል። ቃሬዛ ያልፋል። የጤና ረዳቱ ይመጣል። ሽንኩርት የሚሸከሙ ሴቶች በዋልካው አይንበረከኩም። ይኸው ነው የፈለግሁት። አስፋልት አላልኩም፣ ድልድይ አላልኩም።

መስከረም ላይ ለእርሻ ቢሮው ኃላፊዬ አቀረብሁ።

«የዘንድሮ ዕቅዳችን እርከን ነው» አሉኝ።

«ይህ ብዙ ሥራ የለውም ጌታዬ፤ መንገዱ እኮ አለ።»

«ካለ ታዲያ ምን ይሠራል?»

«አይታለፍበትም።»

«ካልታለፈበት መንገድ አይደለም። መንገድ ካልሆነ ገና የሚሠራ ነው፣ የሚሠራ መንገድ ደግሞ የኛ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም። መንገድ ነው ካልሽኝም አለ ማለት ነው።»

በል ይህን መልስ። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ውሃና ስለ አፈር ብዙ አስተምረውኛል፤ ስለ እንዲህ ያለ ሰው ግን አንድም ትምህርት አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሼህ ኑርሁሴን ሄድሁ። እሳቸው የውሃ አባት ናቸው፤ የቦዩን አፍ የሚከፍቱትም የሚዘጉትም፣ ተራ የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው። መሬቱ በአዋጅ የሕዝብ ሆኗል፣ የገበሬ ማኅበርም ተቋቁሟል፤ ቦዩ ጋ ግን አዋጁ ገና አልደረሰም። ከሎሚ ጥላ ሥር አስቀምጠው እርጎ አጠጡኝ፤ ያልኳቸውን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«መልካም ነው ልጄ። የቦዩ የዓመት ጠረጋ ሲደርስ እንነጋገርበታለን ኢንሻአላህ።»

«ጠረጋው መቼ ነው?»

«ማሽላው ሲገባ።»

«ማሽላው ገባ እኮ።»

«የሁሉም አልገባም። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

አብሽሪ። ይህችን ቃል በዚህ ዓመት የሰማሁትን ያህል የራሴን ስም አልሰማሁም። ጥቅምት አብሽሪ፣ ኅዳር አብሽሪ። ታውቀኛለህ፣ መጠበቅ አልሆነልኝም። ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ ያ ቃሬዛ እዚያው ጭቃ ውስጥ እየታየኝ እንዴት ልበሽር?

ወልድያ ወጥቼ የወጣት ማኅበሩን ጓድ ወልዴን አነጋገርሁት። ወልዴ ዘመቻ ሲባል ዓይኑ የሚበራ ሰው ነው። «መቼ?» አለ እንጂ «ለምን?» አላለም፤ ከኃላፊዬ በኋላ ይህ ራሱ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። በታኅሣሥ፣ ግራናዎች ሁሉ መርሳ ገበያ በሚወርዱበት ቀን ተማሪዎቹን በሁለት መኪና ጭኖ መጣ። የገበያውን ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሲመለሱ ቦዩ ተጠርጎ፣ ዳሩ ተስተካክሎ ያገኙትና ይደነቃሉ ብዬ ነበር። የዓመቱን ከባድ ሥራቸውን ጨርሰንላቸው።

ተማሪዎቹ እየዘፈኑ ሠሩ። ደለሉን ከቦዩ እያወጡ ዳሩ ላይ አፈሰሱት፣ እሾኹን መነጠሩት፣ ከዚያ በሰልፍ እየዘመሩ ረገጡት። ፀሐይ ዘንበል ስትል ብስክሌቴን አወጣሁና ከወንዙ ራስ እስከ አስፋልቱ አንድ ጊዜ ሳልወርድ ነዳሁ። ወንድም ጋሼ፣ በግራዬ ቦዩ፣ በቀኜ የተሰበሰበው የማሽላ ማሳ፣ ከፊቴ የሐብሩ ጋራዎች። ከበታቼ ያለው መሬት እንደ ምጣድ ልሙጥ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን መኖሩን እንጃ። አስፋልቱ ላይ ስደርስ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ለአንድ የከባድ መኪና ረዳት ነገርሁት። «ጥሩ ነው» አለኝ፣ ጎማ እየፈታ።

በነጋታው ምስጋናዬን ልቀበል ሄድሁ።

እማማ ሲቲ ቦዩ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። አጭር ሴት ናቸው፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አስረው ዶማቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘዋል። ከላይ ከታች ሰው ተሰብስቧል።

«ድርሻዬን ማን ጠረገው?» አሉኝ።

«እኛ ነን እማማ። ልናግዝዎ ብለን።»

«ማን አግዙኝ አለ?»

«ማንም አላለም፣ ግን…»

«እጄ ተቆርጧል? ሞቻለሁ? ልጄ አልነገረችሽም ሲቲ በሕይወት አለች ብላ?»

ከኋላ አንድ ሰው «ተያት እማማ፣ ውሃው ወላሂ የወልድያ ተማሪዎች ሆኗል። እንግዲህ ይምጡና ሽንኩርታችንን ያጠጡልን» አለ። ሳቅ ሆነ፤ የሳቀው ግን የተናገረው ሰው ብቻ ነበር።

ምን እንዳጠፋሁ የነገረችኝ ቡርቱካን ናት፣ ወደ ዳር ጎትታ ወስዳ። ቦዩ በክንድ የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከአባት ወይ ከእናት የወረሰው ቁራጭ አለው። በጠረጋው ቀን ሁሉም የየራሱን ቁራጭ በገዛ እጁ፣ ካልቻለም በልጁ እጅ ይጠርጋል፤ የዓመቱን የውሃ ተራ የሚያገኘው በዚያ ነው። ሌላ ሰው ከጠረገው ተራው ወደ ጠረገው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ አገር አካፋ ይዘህ የሰው ቁራጭ ውስጥ መግባት ማገዝ አይደለም፤ የሰው በሬ ፈትቶ እንደ መንዳት ነው። እኔ ደግሞ የግራናን በሬ በሙሉ፣ በአንድ ቀን፣ በዘፈን።

የእማማ ሲቲ ደግሞ የባሰ ነው። ባላቸው ሲሞቱ ቡርቱካን ገና ጀርባ ላይ ነበረች። በጠረጋው ቀን የባላቸው ወንድሞች ማልደው መጡና «አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ዘንድሮን እኛ እንጥረግልሽ» አሏቸው። እማማ ሲቲ ልጃቸውን እንዳዘሉ ቦዩ ውስጥ ገብተው ከአካፋቸው ፊት ቆሙ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ድረስ አልወጡም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ያችን ቁራጭ ሰው ሲጠርጋት አይወዱም፤ የገዛ ልጃቸውን እንኳ።

ይህን ስሰማ ንዴቴ የሚበርድ መስሎህ ይሆናል። ባሰብኝ። ቡርቱካን የምቆጣውን ሰው አሳጣችኝ።

ሼህ ኑርሁሴን የቦዩን አፍ በድንጋይና በሣር ደፍነውታል።

«ለምን ዘጉት?» አልኳቸው።

«ለማን ልክፈተው ልጄ? የማንን ተራ ልጥራ?»

«የአምናውን ይጥሩ።»

«አምና የጠረጉት አምና ጠጡ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን አይነሳ። ሽንኩርቱ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ በርበሬው ቅጠሉን አጠፈ። ቦዩ ግን ንጹሕ ነው፤ ባዶውን፣ ንጹሕ ሆኖ ተጋድሟል። በዳሩ ላይ ማንም አይሄድም፤ ሴቶቹ እንኳ በማሳ ውስጥ ይዞራሉ። እንደዚያ አምሮ የተሠራ መንገድ ላይ ከእኔ ብስክሌት በቀር አንድም ዱካ አልነበረም። እየነዳሁ ሳልፍ የሚያዩኝን አስተያየት ብታይ አንተም ትወርድ ነበር። ወረድሁ።

ወልዴ ሲሰማ ተቆጣ። «ይህ የፊውዳል ቅሪት ነው። ውሃ የሰፊው ሕዝብ ነው። ታጣቂ ይዤ መጥቼ አስከፍተዋለሁ።»

«ከፍተህስ? ማን ይጠጣል?»

«ሁሉም።»

«ከማን ቀጥሎ ማን? ያን ጊዜ በአካፋ ይፋለጣሉ እኮ ወልዴ።»

በመጨረሻ እውነቱን ነገረኝ፤ ቦዩ በዘመቻ ተጠርጎ ተጠናቀቀ ብሎ ወደ ላይ አሳውቋል፣ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ መጨረሻም አልቅሼ (አዎ አለቀስሁ፣ ለእማዬ እንዳትነግር) ታጣቂውን ጥቂት ቀን እንዲያቆይልኝ አደረግሁ። ኃላፊዬ ደግሞ አስጠርተው «ያልታቀደ ሥራ እንዲህ ነው» አሉኝ። ምላሴን ነክሼ ወጣሁ፤ በእርግጥ ነክሼ፣ ያመኝ ነበር።

በመጨረሻ ሼህ ኑርሁሴን ቤት ወዳጃ፣ የዱአ ስብሰባ፣ ተጠራ። እኔንም አስጠሩኝ። ከበሩ አጠገብ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥሁ። ጫቱ ዞረ፣ ዱአው ረዘመ፤ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው። ለመንገደኛው ሲባል አንተን አስቤ አሜን አልኩ። ከዚያ ሼሁ ፍርዱን ተናገሩ።

«ደለሉ ይመለስ። ሁሉም በየድርሻው እንደገና ይጥረግ።»

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። «ወዴት ነው የሚመለሰው?» አልኩ።

«ወደ ቦዩ።»

«ከየት ተነስቶ?»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከየት እንደሚነሳማ አውቃለሁ። ደለሉ መንገዴ ነው።

«ሼህ ኑርሁሴን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ጭቃ አስገብቶ ጭቃ ከማውጣት በቃል ብትጨርሱትስ? ተማሪዎቹ የጠረጉት እንዳልተጠረገ ይቆጠር ቢባልና ዱአ ቢደረግበት?»

«በቃል ዘንድሮ ይሆንልናል። ከርሞ አንዱ ተነስቶ ጎረቤቱን ያምናውን ማን ጠረገልህ ሲለው፣ ቃሉን የሰማን ስንታችን እንኖራለን?»

«እኔ እመሰክራለሁ።»

እማማ ሲቲ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ እሱ ነው ያናደደኝ። «አንቺማ ልጄ፣ በመኪና መጣሽ፣ በመኪና ትሄጃለሽ።»

መልስ ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ቆመ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በዚያው ዕለት ነበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

በነጋታው ማልደው ወጡ። ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ አታውቅም። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ፣ በቅርጫትና በአካፋ መንገዴን እየናደ ንጹሑ ቦይ ውስጥ ይሞላል። ሞልቶ ሲጨርስ ቀና ይልና ወገቡን ይይዛል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ ከዚያ ያንኑ አሁን ያስገባውን ጭቃ መልሶ ማውጣት ይጀምራል። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። አንድ ጊዜ ሳቄ መጣ፣ አንድ ጊዜ እንባዬ፤ ሁለቱንም ዋጥሁ። አንዱ ገበሬ እንዲያውም ትንሽ ጭቃ ብቻ አስገብቶ ቶሎ ሊጨርስ ሲል ጎረቤቱ «ጨምር፣ ጨምር፣ ያንተ እንዲህ አልነበረም፤ አምና እስከ ታፋህ ነበር» አለውና ሁለቱ ተጨቃጨቁ። በጭቃ ማነስ።

ሲያወጡት ደግሞ ሁሉም በየፊናው ጣለው። የሚበዛው ወደ ማሳው አፈሰሰው፤ ደለል ለበርበሬ ጥሩ ነው። እማማ ሲቲ አንዲት ቅርጫት እንኳ ዳሩ ላይ አልጣሉም። መንገዴ ከቀትር በፊት እንደ ተበላ ቂጣ እዚህ ተቆርሶ እዚያ ተቆርሶ ቀረ።

ሁሉም ሲጨርስ መሃል ላይ አንዲት ቁራጭ ጭቃዋን እንደተሞላች ቀረች። የአብዱልሐሊም ድርሻ ናት። በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ከነቤተሰቡ ወደ አዋሽ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሞተ ያለ ሰው ግን የለም። በየዓመቱ ጎረቤቶቹ በአንድ ላይ ሆነው ይጠርጉለታል፤ አንድ ሰው ለብቻው አይነካትም፣ የእኔ ናት እንዳይል። ተራው ሲደርስ ውሃው ለመስጊዱ ሎሚዎች ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ሁሉም ሁለት ጊዜ ሠርቶ ደክሟል፤ እርስ በርስ ይተያያል።

«ይህን ያመጣችው ትጥረጋት» አሉ እማማ ሲቲ።

ያላገጡብኝ መስሎኝ ነበር። ሼህ ኑርሁሴን ግን አገጫቸውን ያዙና አሰቡ። «ልክ ነሽ ሲቲ። ይህች ልጅ እዚህ መሬት የላት፣ ዘመድ የላት። ልውሰድ ብትልም ውሃውን የምታፈስበት የላትም። ለአብዱልሐሊም ከእሷ የተሻለ ጠራጊ ከየት ይገኛል?»

እንዲህ ሆነና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፣ ይከብዳል፣ አካፋውን አይለቅም። ሴቶቹ ዳር ተቀምጠው ያያሉ። «ኮሌጅ አካፋ አያሲዙም እንዴ?» ትላለች አንዷ። «ብረቷን ታስገባው፣ እሱ ይጥረግላት» ትላለች ሌላዋ። እጄ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ። አንድ እንኳ አካፋ ያነሳልኝ የለም፤ ማንሳት እንደማይችሉ አሁን አውቃለሁ፣ ያን ጊዜ ግን በልቤ ሁሉንም ሰድቤያለሁ። ደለሉን በሙሉ ዳሩ ላይ አፈሰስሁት። ደልድዬ፣ ረግጬ፣ ድንጋይ በጎኑ ደርድሬ ጨረስሁ። በድርሻዬ ላይ፣ ማለቴ በአብዱልሐሊም ድርሻ ላይ፣ የምጥለውን የት እንደምጥል ማንም አልነገረኝም።

ስወጣ ሼህ ኑርሁሴን የቦዩን አፍ ከፈቱ። ውሃው መጣ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ገለባ እየገፋ። ሰው ሁሉ ወደየማሳው ሮጠ። እኔን ያመሰገነ የለም።

ኃላፊዬ ምን እንዳደረጉ ደግሞ ስማ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ቦይ ጠረጋ ሁለት ጊዜ ተከናውኗል፣ ከዕቅድ በላይ ተብሎ ተጽፏል። እኔንም በስብሰባ ላይ አስጨበጨቡልኝ። ወልዴ አብሮ ያጨበጭባል። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ምን እንደተሰማኝ ልጽፈው አልችልም።

አሁን ያለው እንዲህ ነው። እሾኹ እንደተመነጠረ ነው፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ዳሩ አንዳንድ ቦታ ብስክሌት ያስነዳል፣ አንዳንድ ቦታ በእግር ብቻ ያስኬዳል፣ ሌላው ቦታ ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ማሳ ለማሳ እዞራለሁ። በየቤቱ እየሄድሁ እያንዳንዱን በየድርሻው ላይ ዳሩን ራሱ እንዲደለድል እለምናለሁ። ራሱ፣ በገዛ እጁ። እኔ አካፋ አልነካም። ጥቂቶቹ ጀምረዋል። አንዱ «ግመል ያልፍበታል፣ ድንጋዩን ይነቅለዋል» ይላል። አንዱ «ጎረቤቴ ይጀምር» ይላል። ጎረቤቱ ጋ ስሄድ ያንኑ ይለኛል። ሁሉም በመጨረሻ አብሽሪ ይሉኛል።

ትናንት እማማ ሲቲ እኔ የደለደልኩት ላይ መጥተው ቆሙ። ወዲያ ወዲህ ተራመዱበት፣ በተረከዛቸውም መቱት።

«ይህ ለተሸካሚ ይበቃል?»

«ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ሆነው። አዎ።»

«ጎኑ ይንሸራተታል።»

«ድንጋይ ጨምሬበታለሁ።»

«አይበቃውም።» ጎኑን በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። «ቡርቱካን ደግማ ይዛለች። ሐምሌ ነው ትላለች።»

«አላህ ያገላግላት» አልኩ። የእሳቸውን ቁራጭ አየሁት። ከእኔ በታች ነው፣ ዳሩ አሁንም ባዶ ድንጋይ ነው፣ ቃሬዛ ይዘህ ልታልፍበት አትችልም። ያየሁትን አዩ።

«ከበልግ በኋላ አየዋለሁ» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ማንም እንዳይነካብኝ።»

«አልነካም እማማ።»

ጥቂት ሄደው ተመለሱ። «ይህ የአብዱልሐሊም ከርሞስ? ሌላ ሰው ከገባበት ክስ ነው፣ ጠብ ነው። ማን ይጠርገዋል?»

ቆመው መልሴን ጠበቁ። ቡርቱካን ከማሳው ውስጥ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ከብስክሌቴ ሰንሰለት ላይ ጭቃ መፋቅ ጀመርሁ፤ ከሰንሰለቱ ላይ የሚፋቅ ጭቃ ደግሞ አይጠፋም።

ወንድም ጋሼ፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ለዚህ ቦታ ለማን ለማን እንደለመንህ፣ ስንት ሰው ደጅ እንደጠናህ ሳትነግረኝ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ጥሩ ነው፤ ኤሌክትሪክ አለ፣ ማታ ትምህርት አለ፣ የሚሰማ አለቃም ይኖር ይሆናል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። የጠየቅኸኝን ሳልመልስልህ ወረቀቱ አለቀብኝና በዳሩ ላይ ነው የምጽፈው፤ አትቆጣኝ፣ ብትቆጣም ቶሎ ይለፍህ።

ዓለምነህ ወደዚህ ሲመለስ ካላማዳሪያና ማጣበቂያ ላክልኝ፤ እሾኹ ጎማዬን ጨርሶታል። ደግሞ ወደቡ ላይ የዝናብ ቦት ጫማ ይገኛል ይላሉ፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰው። ቁጥሬን ታውቀዋለህ። ከሰኔ በፊት፣ እዚሁ መርሳ፣ እንዲደርሰኝ አድርግ።

ገብርኤል በመንገድህም በሥራህም ይጠብቅህ። እማዬ የምትመርቅህን ሁሉ እኔም አሜን ብያለሁ።

እህትህ
ውባለም